ምድጃ ውስጥ የተቀመጠችው ዮላን

ዮላን ሲርማይ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ መድረኩ ጫፍ ላይ ባለች ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጣ ለሌላ ሰው ቃል ስታቀብል ኖራለች። ቲሳ ወንዝ ዳር ያለችው ከተማቸው ዘፋኝ ታከብራለች፤ ዓሣ ሻጩ እንኳ ዘፋኝ ሲያልፍ ካየ ቢላውን አስቀምጦ ባርኔጣውን ያነሳል። ዮላንን ግን ዓሣ ሻጩም አያውቃት፣ ጋዜጠኛውም አያውቃት። እሷም በተራዋ ዘፋኞቹን ከፊታቸው ይልቅ በጫማቸው ነበር የምትለያቸው፤ ከዚያች ጉድጓድ ቀና ሲሉ መጀመሪያ የሚታየው ጫማ ነዋ።

ሥራዋ ቃል ማስታወስ ነው። ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ በፊት፣ ኦርኬስትራው ሳይሸፍናት፣ ተመልካቹም ሳይሰማት፣ የመጀመሪያዋን ቃል በሹክሹክታ ትሰጠዋለች። የመጀመሪያዋን ብቻ። የቀረው የእሱ ነው፤ ሙሉውን ከሰጠሁትማ እኔ ዘፈንኩ እንጂ እሱ መች ዘፈነ ትል ነበር። በዚህ ሕጓ ቀልድ አታውቅም። ትርኢት ባለበት ቀን ሽንኩርት አትቀምስም፤ ትንፋሼ ከቃሌ ቀድሞ ዘፋኙ ጋ ይደርሳል ብላ። ለአንድ ሃንጋሪያዊ ሽንኩርት መተው ምን ማለት እንደሆነ የገባው ይገባዋል።

ድሮ እሷም ዘፋኝ ነበረች። በሃያ ስድስት ዓመቷ አንገቷ ላይ ዕጢ ወጥቶ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ሕይወቷ ተረፈ፣ የዘፈን ድምፅዋ ግን ጠፋ። አንድ ክረምት ሙሉ አለቀሰች። በጸደይ እንባዋን ጠርጋ ጉድጓዷ ውስጥ ወረደች፤ ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር ስታለቅስ ያያት ሰው የለም። ከእሷ የሚያንሱት ሁሉ ዮሊ ኔኒ ይሏታል፤ እኛ እትዬ እንደምንለው መሆኑ ነው።

አሁን የማወጋችሁ ነገር የጀመረው ቲያትር ቤቱ አዲስ ኦፔራ አሠራለሁ ብሎ ሲነሳ ነው። የሙዚቃው ደራሲ ኤሞኬ ፓስቶር የምትባል የሠላሳ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ታሪኩን ያገኘችው ኦስትሪያ ስትማር ከአሮጌ መጻሕፍት መደብር ከገዛችው፣ በጀርመንኛ ከተጻፈ ቀጭን ልቦለድ ነው፤ እሱን ወደ ሃንጋሪኛ መልሳ ዜማ አበጀችለት። ከተማው አጉረመረመ። ጀርመኖቹ ራሳቸው ያልዘፈኑትን እኛ ምን ቤት ነን ያለም አልጠፋ። በየዓመቱ የሚያያትን ያችኑ አስቂኝ ኦፔሬታ ያመጡለታል ብሎ ሲጠብቅ የነበረ ሰው ምን ይበል?

ዮላን ግን አላጉረመረመችም። ልማዷ ነው፤ ኦፔራው ከመጽሐፍ የተወሰደ ከሆነ መጽሐፉን ሳታነብ ጉድጓድ አትገባም። ጀርመንኛዋ የወጥ ቤት ጀርመንኛ ነው፤ በወጣትነቷ ሁለት በጋ ባላቶን ሐይቅ ዳር ጀርመን እንግዶችን ስታስተናግድ የቃረመችው። ሾርባና ፎጣ ከሚሉት ቃላት ተነስታ፣ መዝገበ ቃላቱን እያገላበጠች፣ በሦስት ሳምንት ቀጭኑን መጽሐፍ ጨረሰችው። ስትጨርስ ተነስታ የታጠበ ሳህን እንደገና አጠበች።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በጦርነት ጊዜ፣ ተራራ ላይ ባለች መንደር አንድ ሽማግሌ የፖስታ ቤት ሹም አለ። ልጆቻችሁ ሞተዋል የሚሉ ደብዳቤዎች ሲመጡለት ለእናቶቹ ማድረስ አልሆንልህ ይለዋል። አንድ በአንድ ምድጃ ውስጥ ይማግዳቸዋል፤ እናቶቹም በተስፋ ይኖራሉ። በመጨረሻ የራሱ ልጅ ደብዳቤ ይመጣል።

ይህን ሹም እንዲዘፍን የተመረጠው አምብሩሽ ሃልሞሽ ነው፤ ስድሳ ስምንት ዓመቱ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ጫማው አርባ ስድስት ቁጥር። ከዮላን ጋር ሠላሳ ዓመት አብረው ሠርተዋል። ኤሞኬ ዜማውን የጻፈችው በእሱ ድምፅ ልክ ነው። አዲስ ኦፔራ ሲታተም ደግሞ እያንዳንዱን ሚና መጀመሪያ የዘፈነው ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይሰፍራል። አምብሩሽ አርባ ዓመት ንጉሥም ቄስም ሰይጣንም ሆኖ ዘፍኗል፤ ሁሉንም ግን ከእሱ በፊት ሌላ ሰው ዘፍኗቸዋል። የራሱ የሚለው አንድም አልነበረውም።

ችግሩን የምታውቀው ዮላን ብቻ ናት። ባለፈው ጸደይ፣ ሃያ ዓመት የዘፈነውን ዘፈን ሲዘፍን፣ እነዚያ ትልልቅ ጫማዎች ጉድጓዷ ፊት ድርቅ ብለው ቆሙ። ቃሉን ሰጠችው። ትንሽ ቆይተው ደግመው ቆሙ። በዚያ ምሽት አሥራ አንድ ጊዜ ሰጠችው። ከትርኢቱ በኋላ የኮክ አረቄ ይዞ ጠባቧ ክፍሏ ገባና ሐኪሙ ስለ ማስታወሻው መድከም ያለውን ሁሉ ነገራት።

«አዲሱ ነገር ቀድሞ ነው የሚጠፋው፣ ዮሊ» አላት። «አሮጌው ቀስ እያለ ነው። ይቺን አንዷን ልዝፈናት። ከዚያ በኋላ እንደፈለገው ይጥፋ።»

ለማንም እንዳትናገር ለመናት። ቢታወቅ ሚናው በማግስቱ ለቡዳፔስት ሰው እንደሚሰጥ ሁለቱም ያውቃሉ። ዮላን አረቄውን ጨለጠችና አልናገርም፣ አንተም ትዘፍናታለህ አለችው። ቃሏ ቃል ነው።

አሁን ደግሞ አዘጋጁን ልንገራችሁ። ኮርኔል ታርዶሽ ይባላል፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ክፋት የለውም፤ ብቻ ሁሉን ያውቃል። በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ሁሉንም ሰብስቦ መድረኩ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የበረዶ ሜዳ እንደሚሆን ነገራቸው። የዮላን ጉድጓድ በሳንቃ ይዘጋል፤ ቃሉ የጠፋበት ዘፋኝ ሰገነቱ ላይ ከተሰቀለው ስክሪን ያነባል። ዮሊ ኔኒም በመጨረሻ ታርፋለች አለና ፈገግ አለላት። የአምብሩሽ ዓይን እንኳን ሰገነት የሾርባ ዝርዝርም በቅጡ አያነብ። ቢያነብስ? ስክሪን ሰው ሲጠፋበት አይቶ አይጠብቅም፤ ጥሎት ይሄዳል።

ኮርኔል እጁን እያወራጨ ሲያስረዳ የኖታው ጥራዝ ከብብቱ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ አነሳው። ዘፋኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። በዚያ አገር ቲያትር ቤት ወለል ላይ የወደቀ ጽሑፍ ሳይረገጥ ወይም ሳይቀመጡበት አይነሳም፤ ከተነሳ ቃሉ መድረክ ላይ ይጠፋል ይላሉ። ዮላን መልሰህ አስቀምጠውና ረግጠህ አንሳው አለችው። እሱ ሳቀ፤ በዚህ ዘመን በዚህ ታምናላችሁ እንዴ ብሎ ጥራዙን እንደያዘ ሄደ። ዮላን አምብሩሽን አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል።

እኔ እንዲህ ባለው ነገር አላምንም። ዮላንም ታምን እንደሆነ አላውቅም። አምብሩሽ ግን ያምናል፤ ለእሷ ያ በቂ ነበር። ቤቷ ሄዳ ተኝታ አስባበት ቢሆን ምናልባት ተስፋ ትቆርጥ ነበር። እሷ ግን በቀጥታ አናጺው ባንዲ ጋ ወረደች፤ ጉድጓዴን ዝጋ ስትባል እሺ አልክ ብላ ልትጣላው። የጥል ቃሉ አፏ ላይ እንዳለ ዓይኗ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ባንዲ ለፖስታ ቤቱ ሹም ክፍል ረጅም አረንጓዴ የሸክላ ምድጃ እየሠራ ነበር፤ እርግጥ ሸክላው ቀለም የተቀባ ሳንቃ ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ደብዳቤ የሚወረወርበት በርም አለው። ይህ ምድጃ መድረኩ መሃል ነው የሚቆመው። ሹሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከሱ አይርቅም።

«ሰው ይይዛል?» አለችው።

ባንዲ ከላይ እስከ ታች አያትና ወደ መጋዙ ዞረ። አስተዋይ ሰው ነው።

«ሰው ይይዛል ወይ ነው ያልኩህ።»

«ከኋላ በር ብቆርጥለት ይይዛል፤ ምሰሶዎቹን ግን ማራቅ አልችልም፣ ይወድቃል። መሃላቸው አርባ አምስት ሳንቲሜትር ነው። ወገብ ላለው ሰው ብዬ አልሠራሁትም፣ ዮሊ።»

በማግስቱ ኮርኔል ምሳ ሲወጣ ጥራዙን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ነበር። ዮላን አነሳችው፣ ልምምድ ክፍሉ ወለል ላይ መሃል አድርጋ አስቀመጠችው፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተቀመጠችበት። ኮርኔል ቅቤ የበዛበት ቂጣውን እያላመጠ ሲመለስ የስድሳ ዓመት ሴት ኖታው ላይ ቁጭ ብላለች፤ ዘፋኞቹ በር ላይ ተሰብስበው ያያሉ። እባክዎ ይነሱ አላት። አልነሳም አለች። የወደቀው እንዲወጣለት ተቀምጬበታለሁ፣ አሁን ደግሞ አንተ እስክትሰማኝ ተቀምጬበታለሁ አለችው። ምድጃው ውስጥ እንድትገባ ነው የምትፈልገው፤ ሌላ ምንም።

«ዮሊ ኔኒ፣ ለምን? ማንም እኮ ቃል ጠፋብኝ አላለም።»

እዚህ ላይ ነበር ጭንቁ። ምክንያቱ በር ላይ ቆሟል፤ አርባ ስድስት ቁጥር ጫማ አድርጎ። ዮላን ወደዚያ ዞር ብላ እንኳ አላየችም።

«ሥራዬን አልለቅም፤ ያለ እሱ መኖር አልችልበትም። አርጅቼ ጃጅቼ ከሆነ ሁሉም ይወቀው።»

ሳቁባት። ኮርኔልም ሳቀና፣ ከገቡበት፣ ካልታዩ፣ ካልተሰሙ እሺ አላት። ሦስቱንም እችላለሁ ብላ ተነሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቲያትር ቤቱ ውስጥ ወሬው ይኸው ሆነ፤ አሮጊቷ ጡረታ ፈርታ ምድጃ ውስጥ ልትደበቅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ሳይቀሩ ኔኒ እንጨት እንጨምርልዎ እያሉ ቀለዱባት። ቀልዱን ሁሉ ዋጥ አደረገችው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አምብሩሽ እኔ ልንገራቸው፣ በእኔ ምክንያት መሳቂያ ሆንሽ ሲላት፣ አፍህን ዝጋና ቃልህን አጥና አለችው።

ወገቧ ሃምሳ ሁለት ሳንቲሜትር ላይ ነበር ከጎን ወደ ጎን፤ ባንዲ በአናጺ ሜትር ለካት። መክፈቻው ጥር መጨረሻ ነው፣ በመሃሉ ደግሞ ገና አለ። የገና ዕለት እህቷ ቤት የዓሣ ሾርባው ቀረበ፣ በፖፒ ፍሬ የተሞላው ጥቅልል ዳቦ ቀረበ። ዮላን ሾርባውን ያለ ዳቦ ጠጣች። ጥቅልሉን ግን እህቷ ቆርጣ አፍንጫዋ ስር ስታስቀምጥላት ዓይኗን ጨፍና ሳህኑን ገፋችው። ታመሽ ነው? አለቻት እህቷ። ምድጃ ልገባ ነው አለች ዮላን። እህቷ ሁለተኛ አልጠየቀችም።

በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አምብሩሽ ቤት ትሄዳለች። ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል፤ ድንች እየላጡ ያጠናሉ። እሷ የመጀመሪያዋን ቃል ትላለች፣ እሱ የቀረውን ይቀጥላል። ቀስ በቀስ ሁለቱ የመጀመሪያ ክፍሎች ገቡለት። ሦስተኛውም ገባ። ዮላን ተስፋ ማድረግ ጀመረች።

መክፈቻው አሥር ቀን ሲቀረው ኤሞኬ አዲስ ወረቀት ይዛ መጣች። በጀርመንኛው መጽሐፍ ሹሙ የልጁን ደብዳቤ ሳይከፍት ይማግደዋል፤ ታሪኩ እዚያ ያልቃል። ኤሞኬም እንደዚያው ነበር የጻፈችው። አሁን ግን ሐሳቧን ለወጠች። የዚያ አገር አንባቢ መጽሐፉን ከድኖ ያስባል፣ የእኛ ሰው ግን ካፖርቱን ለመውሰድ ተሰልፎ «ታዲያ ደብዳቤው ምን ይላል?» ብሎ ነው የሚጠይቀው አለች። ስለዚህ ሹሙ ይከፍተዋል፤ ከመርዶው ጋር የተላከውን የልጁን የመጨረሻ ጽሑፍ ያነባል፤ የአራት ደቂቃ አዲስ ዘፈን። ዜማው ሲሰማ የሚያስለቅስ ነበር። አምብሩሽ አመሰገናት፣ እጇን ሳመ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ሃያ ደቂቃ አልወጣም።

አዲሱ ዘፈን አልገባለትም። ስድስት ሰዓት ላይ ያጠናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ የለም። ዮላን ለኤሞኬ ምስጢሩን ነግራ አሮጌው እንዲመለስ ልትለምናት ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። አምብሩሽን ከማዳን ይልቅ አሳልፎ እንደመስጠት ሆኖ ታያት። በመጨረሻ ቆረጠች። ካልገባለት እኔ እሸከመዋለሁ አለች ለራሷ።

የመክፈቻው ዕለት ባንዲ ከኋላ ገፍቶ አስገባት። ገባች፤ እንዴት እንደገባች እሷና ባንዲ ያውቃሉ። እሳት የሚመስለው ቀይ አምፖል ጉልበቷ ስር ነው፤ ይፋጃል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ መጋረጃው ተከፈተ። አምብሩሽ በመጀመሪያው ክፍል ሦስት ጊዜ ብቻ ቃል ጠፋበት፣ በሁለተኛው ሁለት ጊዜ። እያንዳንዱን ሰጠችው፣ እያንዳንዱን ተቀበላት። የማገዳቸው ደብዳቤዎች በምድጃው በር እየገቡ ጭኗ ላይ ተከመሩ።

የልጁ ደብዳቤ መጣ። አምብሩሽ ከፈተው። ኦርኬስትራው የመግቢያውን ዜማ ጨረሰ።

ዮላን «አባባ» አለች።

ምንም የለም። የኦርኬስትራው መሪ እጁን አየር ላይ አንጠልጥሎ ቆመ፣ ቫዮሊኖቹ ያችኑ ድምፅ ጎትተው ያዟት። «አባባ» አለች ደግማ። አምብሩሽ ወረቀቱን ያያል፤ ወረቀቱ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ የመድረክ ወረቀት ባዶ ነው። ከዚያ ዞረ፤ ያልተለማመዱትን አደረገ። ወደ ምድጃው ሄደ፣ በጉልበቱ ወደቀ፣ ፊቱን በሩ ላይ ደገነ። ቀዩ መብራት ፊቱን አበራው። ዮላን ሠላሳ ዓመት መድረክ ላይ ጫማውን ስታይ የኖረችውን ሰው አሁን እዚያው መድረክ ላይ ፊት ለፊት አየችው። መንገድ የጠፋበት ልጅ ነበር የሚመስለው።

ያን ጊዜ ዮላን ሕጓን አፈረሰች።

«አባባ፣ የላክልኝ ጫማ ደረሰኝ» አለችው፤ ሙሉውን፣ ከሹክሹክታ ከፍ አድርጋ፣ በዚያ ከሃያ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ በሻከረ ድምፅዋ። አምብሩሽ ተቀብሎ ዘፈነው። «እዚህ በረዶ ነው፤ እግሬ ግን ሞቆኛል» አለች። ዘፈነው። «ለእናቴ ሞቆታል በላት።» ዘፈነው። መሪው ገብቶታል፤ በየመስመሩ መሃል እየጠበቀ ነዳው። አራቱ ደቂቃ ስምንት ሆነ። የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ከምድጃው ውስጥ የሚመጣውን የሻከረ የሴት ድምፅ ጥርት አድርገው ሰሙት፤ ደብዳቤው ነው የሚናገረው ብለው አሰቡ። የመጨረሻው ቃል ሲያልቅ አምብሩሽ ደብዳቤውን በበሩ አስገባና እጇ ላይ አኖረው።

ከዚያ ጭብጨባው። እዚያ አገር ሰው ከልቡ ሲወድ አዳራሹ በሙሉ በአንድ ምት ነው የሚያጨበጭበው፤ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ዮላን ምድጃው ውስጥ ሆና በጀርባዋ ሰማችው። ጉልበቷ ተቃጥሎ ነበር፣ አላወቀችውም።

ባንዲ ጎትቶ ሲያወጣት ኤሞኬ ቆማ እየጠበቀች ነበር። ከኋላዋ ኮርኔል አለ፤ ፊቱ ነጭ ሆኗል።

«ዮሊ ኔኒ» አለች ኤሞኬ፣ «እኔ እንዲህ አልጻፍኩትም።»

«ተለማምደነው ነው» አለች ዮላን፣ ዓይኗን ሳትሰብር። «እሱና እኔ። እንዲህ ይሻላል ብለን። ካልወደድሽው ተይው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ኤሞኬ ብዙ አየቻት። ከዚያ አምብሩሽን አየችው፤ ካፖርቱን የሌላ ሰው መስቀያ ላይ ሲፈልግ ነበር። ልጅቷ ሞኝ አይደለችም። እርሳስ አወጣች፣ ጥራዟን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የሆነ ነገር ጻፈችበት፣ ነገም እንደዛሬው ይደረግ ብላ ሄደች። ኮርኔል ግን ቀረ። የራሱን ጥራዝ ወለሉ ላይ አስቀመጠ፣ በጫማው ረገጠው፣ አነሳውና ወጣ።

ኦፔራው አሥራ አራት ጊዜ ታየ። አሥራ አራቱንም ጊዜ ዮላን ምድጃ ገባች፣ አሥራ አራቱንም ጊዜ አምብሩሽ ተንበረከከ። እንጨት እንጨምርልዎ የሚል ሰው ጠፋ። የትርኢቱ ወቅት ሲያልቅ ሁለቱም ጡረታ ወጡ፤ ለምን አብረው እንደወጡ ማንም አልጠየቀም።

ኖታው የታተመው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ኤሞኬ በፖስታ ላከችላቸው፣ ለሁለት አንድ ቅጂ። ዮላን አሁንም ስድስት ሰዓት ላይ አምብሩሽ ቤት ትሄዳለች፤ ቀለም የሚሸት አዲሱን ጥራዝ ድንቹ አጠገብ አስቀመጠችለት። በዚያ ሰሞን የገዛ ልጁን እንኳ ለይቶ አያውቃትም፣ ዮላንንም አንዳንዴ እህቴ ይላታል። ፊደል ግን አልጠፋውም፤ መነጽሩን አድርጎ የመጀመሪያውን ገጽ ከታች ጀምሮ በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ አነበበ። «ከምድጃው ውስጥ የሚሰማ ድምፅ፦ ዮላን ሲርማይ።» ዮላን ይህን አታውቅም ነበር። ኤሞኬ በዚያ ምሽት በእርሳስ የጻፈችው ይህን ኖሯል። ወንበሩን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

ጣቱ ወደ ላይኛው መስመር ሄደ። «የፖስታ ቤቱ ሹም» አለ። ቆመ። ስሙ እዚያ ተጽፏል፣ ጣቱ ስሙ ላይ ነው፣ አልወጣ አለው። ቀና ብሎ አያት፤ ልክ ያኔ በምድጃው በር በኩል እንዳያት።

ዮላን የድንቹን ቢላ አስቀመጠችና ወደ እሱ ጎንበስ አለች።

«አምብሩሽ» አለችው በሹክሹክታ። የመጀመሪያዋን ብቻ።

«ሃልሞሽ» አለ እሱ፣ በዚያ በወፍራም ድምፁ፤ የቀረውን ራሱ።